ረቡዕን የጾመ ትል

አማቴን ከፊታቸው በፊት በእጃቸው ነው ያወቅኋቸው። ግንቦት ላይ ልጃቸውን አግብቼ ቤታቸው ከገባሁ ጀምሮ እስከ ኅዳር ድረስ በአንድ ጣራ ሥር ስንኖር ፊታቸውን አንድ ቀን አላየሁም። ወጋችን እንዲህ ነው፤ አማት ለአማቿ አትታይም። ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ አማች የሚገባውን ቀሚስ አቅርቦ፣ «ከእንግዲህ ተያዩ» እስኪባል ድረስ እሳቸው ጓዳ፣ እኔ ከምሰሶው ወዲህ። ድንገት ደጅ ላይ ብንገናኝ እሳቸው ነጠላቸውን እስከ አገጫቸው ይስባሉ፣ እኔ አጥሩን እንደ አዲስ ነገር አያለሁ። ቀሚሱን ከአንኮበር ይዞ የሚመጣው አባቴ ደግሞ «እህሉ ይወቃና ጥር ላይ» ብሎ ልኮብኝ ነበር። እናም ከእሳቸው የማየው በመጋረጃው ሥር ጣባ የሚያቀብል እጅ ብቻ ነው። አጭር፣ ሰፊ፣ ጣቶቹ ጫፋቸው ላይ ጠፍጠፍ ያሉ እጅ። የደብር አለቃ ሚስት እጅ አይመስልም፤ እውነቱን ልናገርና በልቤ ንቄው ነበር።

ያን ጊዜ ሰው መናቅ ይቀናኝ ነበር። ጽሕፈቴ ያምራል፣ ድምፄ አይከፋም፣ ይህንንም ሰው ሁሉ የሚያውቅልኝ ይመስለኝ ነበር። ንጉሡ ከነግቢያቸው ወደ እንጦጦ ከሄዱ ወዲህ አንኮበር ለደብተራ እንጀራዋ ሳሳ፤ እኔም ወደ ደብረ ብርሃን ሜዳ ወጥቼ ከከተማው ትንሽ ራቅ ብላ ከምትገኝ ደብር ገባሁ። አለቃው ዜማ አስተማሩኝ፣ ልጃቸውንም ዳሩልኝ። የኔታ ብዬ ጀምሬ አማቼ ከሆኑም በኋላ ከአፌ ሌላ ስም አልወጣላቸውም። አገሩን ግን እስከ ዛሬ አልወደድኩትም። ብርዱ የሰው አጥንት ይቆጥራል። ኅዳርና ታኅሣሥ ሜዳው አመዳይ ለብሶ ያድራል፤ ጠዋት የረገጡት ሣር ከእግር ሥር ይሰበራል።

በዚያው ኅዳር የኔታ ታመሙ። ሁለት ሳምንት ያህል ትኩሳት ይዟቸው ሲለቃቸው ሆዳቸው ተዘጋ። ሽሮው ይመልሳቸዋል፣ የሱፉ ውሃ ይመልሳቸዋል፣ አጥሚቱን ሁለት ጊዜ ፉት ብለው «በቃኝ» ይላሉ። በዚህ ላይ ጾመ ነቢያት ገባ። ወተትና ቅቤ ቢቀምሱ እንደሚነሡ እኛም እናውቃለን፣ እሳቸውም ያውቃሉ። ጠዋትና ማታ ደግፌ የማቀናቸው እኔ ነበርኩና ሰውነታቸው በየቀኑ እየቀለለ መሄዱን እንደ እኔ ያወቀው ሰው አልነበረም። አንድ ቀን እንደ ሰው ይከብዳሉ፣ በሦስተኛው ቀን እንደ ልብስ ሆነው ይነሣሉ። በጣም ፈራሁ። አባቴ እንኳ ያላስተማረኝን ያስተማሩኝ ሰው ናቸው።

የነፍስ አባታቸው ሐሙስ ቀን መጡ። የታመመ ሰው ጾም እንደማይገደድ፣ ይህንኑ የኔታ ራሳቸው ለስንቱ በሽተኛ ሲፈርዱ እንደኖሩ አስታወሷቸው። የኔታ ለሌላው የፈረዱት ለሌላው እንደሆነ፣ እሳቸው ከልጅነት እስከ ሽበት አንዲት ጾም እንዳልሻሩ፣ አሁን በር ላይ ደርሰው እንደማይጀምሩት መለሱ። የነፍስ አባታቸው ለመኑ፣ ተቆጡ፣ በመጨረሻ በዚህ ጾም ከረቡዕና ከዓርብ በቀር ዓሣ እንደማይከለከል አነሡና እሱን እንኳ እንዲበሉ ጠየቋቸው። የኔታ ዓይናቸውን ከደኑና «ዓሣ ከተገኘ እበላለሁ» አሉ።

ተማሪያቸው ነኝና ተንኮሉ ገባኝ። በዚያ ሜዳ ዓሣ የሚበላ ቀርቶ ዓሣ አየሁ የሚል ሰው የለም። በግ አለ፣ ገብስ አለ፣ ፈረስ አለ፤ ዓሣ ግን ላም አለኝ በሰማይ ነው። እሺ ብለው እምቢ ማለታቸው ነበር። የነፍስ አባታቸውም ገብቷቸው ራሳቸውን እየነቀነቁ ሊወጡ ሲነሡ ከመጋረጃው ወዲያ ድምፅ መጣ።

«በበሬሳ ወንዝ ውስጥ ዓሣ አለ» አሉ አማቴ።

እኔ ባለሁበት ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሲናገሩ ያ የመጀመሪያው ነው። የኔታ ሳይቀሩ ዓይናቸውን ገለጡ። አማቴም ለልጃቸው እንደሚያወሩ ሆነው ነገሩን ቀጠሉ። ወንዙ ወደ ገደሉ ከመውረዱ በፊት ጥልቅ ኩሬዎች እንዳሉት፣ ዓሣው እዚያ እንደሚከርም፣ መንጠቆውን ራሳቸው እንደሚሠሩ፣ እኔ የፈረስ ጭራና ትል እንዳመጣ ንገሪው አሏት። ባለቤቴም በመካከላችን ተቀምጣ፣ በሁለቱም ጆሮዬ የሰማሁትን ዘወር ብላ እንደገና ነገረችኝ። ወጉ ነው።

አማቴ የጀማ ቆላ ልጅ መሆናቸውን ያወቅሁት ያን ቀን ነው። አባታቸው ከጀማ ወንዝ ዳር ማሽላ ያርሱ ነበር፤ ቤታቸውን ያኖረው ግን ከማሽላው ይልቅ መንጠቆው ነው። ደጋ ላይ ይህ የሚወራ ነገር አይደለም። ዓሣ አጥማጅ ሲባል ሰው አፍንጫውን ይይዛል፣ በካህን ቤት ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ አማቴ ከተዳሩ ጀምሮ አንዲት ቃል ሳይተነፍሱ ኖረዋል። ያን ቀን የነፍስ አባት ባሉበት፣ በሽተኛ ሊጠይቅ የመጣ ጎረቤት ቤቱን ሞልቶ ሳለ አወጡት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ እስከ ማታ ድረስ አገሩ ሁሉ ሰማ። እኔን ያን ጊዜ የገረመኝ ዓሣው ነበር። የእሳቸው ድፍረት የገረመኝ ቆይቶ ነው፣ ዛሬም ይገርመኛል።

መንጠቆው መርፌ ነበር። ፍም ላይ አግለው ጠመዘዙት። ጭራው የባዝራ ከሆነ ሽንት እየነካው ይበጠሳልና ከድንጉላ እንዲሆን ተነገረኝ። የጎረቤታችን ነጭ ድንጉላ አንድ ጊዜ ረግጦኝ የፈለግሁትን ሰጠኝ። በማግሥቱ ያች ጠፍጣፋ ጣት ያላት እጅ በመጋረጃው ሥር ገመዱን አቀበለችኝ። እንዲህ ያለ ጉንጉን አይቼ አላውቅም፤ ቀጭን ነው፣ እኩል ነው፣ መጋጠሚያው የት እንደሆነ በጥፍሬ ብፈልግ አጣሁት። የእኔ ጽሕፈት በዚያን ቀን ትንሽ አነሰችብኝ።

የቀረው ትል ነው። ትል ደግሞ ምን ይገደኛል አልኩ። ሐምሌ ላይ ትል እኮ ራሱ ነው ቤት የሚገባው። ዓርብ ማለዳ ዶማዬን ትከሻዬ ላይ አድርጌ ከደብሩ በታች ወዳለው ጨፌ፣ ፈረስ ወደሚታሰርበት ረግረግ መስክ፣ ወረድኩ። መሬቱ ዶማውን መለሰብኝ። ላዩ በውርጭ ጠንክሯል፤ ክንድ ያህል ብወርድ ጥቁሩ አፈር ተሰንጥቆ ደርቋል። አምስት ጉድጓድ ቆፍሬ አንድ ትል አላየሁም።

ይባስ ብሎ አንዲት ሴት አህያዋን ገብስ ጭና ወደ ገበያ ስታልፍ አየችኝ። ደብተራ በማለዳ ዶማ ይዞ ሜዳ ላይ ሲቆፍር ሰው የሚያስበው አንድ ነገር ነው፤ ሥር ሊምስ፣ መስተፋቅር ሊያበጅ፣ ሰው ሊያሳብድ። ሴትዮዋ አማተበች፣ አህያዋን ቸብ አድርጋ መንገድ ቀየረች። ትል እየፈለግሁ ነው ልላት ምላሴ ላይ ደርሶ ዋጥኩት። ትል ለቃሚ ከምባል አስማተኛ መባሉ ተሻለኝ። ሞኝነቴን ልብ በሉ፤ ቤት ውስጥ ሰው እየሞተብኝ ነበር።

ቅዳሜና እሑድ ሁለቱም ሰንበት ናቸው፣ የኔታ ባሉበት ቤት ዶማ አይነሣም። ሁለቱን ቀን እሳቸው አጥሚቱን ፉት እያሉ፣ እኔ እጄን እያፋተግሁ አለፈ። ሰኞ ጎህ ሲቀድ ከበረቱ ጀርባ ያለው የፍግ ክምር ትዝ አለኝ። ፍግ ይሞቃል፣ ትልም ይኖረዋል ብዬ በሹካ እንጨት ገለበጥኩት፣ እውነትም ቀያይ ቀጫጭን ትል ሞልቶታል። ቅሌን ሞልቼ ወደ ወንዙ ሮጥኩ። ትሉ መርፌው ሲነካው እየተበጠሰ፣ ቢጫ የሚገማ ውሃ እጄ ላይ እያንጠባጠበ እስከ ቀትር ተቀመጥኩ። ዓሣው ይመጣል፣ ያሸታል፣ ይሄዳል። መኖሩን በዓይኔ ማየቴ ብቻ ነው ትርፌ። ባዶ እጄን ስመለስ የተረፈውን ትል በመጋረጃው ሥር አሳለፍኩ፤ የፍግ ትል ውሃ ውስጥ እንደማይረባ፣ የሚያስፈልገው የመሬት ትል እንደሆነ በባለቤቴ አፍ መልስ መጣልኝ። ቁጣ የለበትም። ቁጣ ቢኖርበት ይቀለኝ ነበር።

ያን ዕለት የኔታ ጸሎት ሲደርስ ቀና ማለት አልቻሉም። እኔም የመጣልኝ ሐሳብ ብልኃት መሰለኝ። የቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ ጽድ በጽድ ነው፤ ከዛፉ ሥር ውርጭ አይደርስም፣ አፈሩ ዓመቱን ሙሉ እርጥብ ነው። ደግሞ ደብተራን እቅጥሩ ውስጥ ምን ታደርጋለህ የሚለው የለም። ከሰዓት በኋላ ገብቼ ከአንድ ትልቅ ጽድ ሥር ስቆፍር፣ ትሉ ወፍራም፣ ጠንካራ፣ እንደ ልብ። ቅሌን ሞልቼ ስመለስ የምሥራች ይዤ የምሄድ ነው የመሰለኝ።

ያች እጅ ቅሉን ተቀበለች። አንዱን ትል አውጥታ የያዘውን አፈር በሁለት ጣት አሸችና ቀጥ አለች። ከየት እንዳመጣሁት ተጠየቅሁ። ከጨፌው ነው አልኩ። ባለቤቴ ውሸቴን እንዳለ አሳለፈችው።

«ንገሪው» አሉ አማቴ። «የጨፌው አፈር ጥቁር ነው። ይህ ቀይ ነው፣ የጽድ ፍርፋሪ አለበት። እዚያ የተኙት ሰዎቻችን ናቸው። ትሉ እነሱን በልቶ፣ ዓሣው ትሉን በልቶ፣ ዓሣውን የኔ ሰው እንዲበላ አላደርግም። ወስዶ ይመልሰው፣ ጉድጓዱንም ይድፈነው።»

ሄድኩ፣ መለስኩ፣ ደፈንኩ። መቃብር ላይ ስንት ጊዜ ፍትሐት የደረስኩ ሰው፣ ከእግሬ በታች ያለው ማን እንደሆነ አንዲት ቆላ ተወላጅ በሁለት ጣት አስታወሱኝ። ውሸቴንም ከአፈሩ ጋር አብረው ነበር ያሹት። ቤት ስገባ ለባለቤቴ የቸገረው እርጉዝ ያገባል ብዬ ልከራከር ሞከርኩ። እሷ እምዬ ነገ ራሷ ትወጣለች አለችኝ ብቻ።

ማክሰኞ ጠዋት ሦስታችንም ወጣን። ባለቤቴ ከፊት፣ አማቴ ጋቢያቸውን ተከናንበው ከኋላዋ፣ እኔ ደግሞ ሃያ እርምጃ ያህል ርቄ። ወደ ጨፌው የሚወርድ የጓሮ መንገድ አለ፤ እኔ ሁልጊዜ የምሾልክበት። አማቴ ግን በሰፈሩ መካከል ነው የሄዱት። ሰው በየደጁ ፀሐይ ይሞቃል። ወሬውን ሁሉም ሰምቷል። እሳቸው ከጋቢው ሥር ሆነው የእያንዳንዱን ቤት ጤና እየጠየቁ፣ ችካልና እንጨት የታቀፉበትን ክንድ ሳይሸሽጉ አለፉ። አንድ ሽማግሌ ወዴት ነው ብለው ቢጠይቋቸው «ለአለቃ ትል ልለቅም» አሉ፣ ጎመን ልቀጥፍ እንደማለት። ሽማግሌው ከመቀመጫቸው ተነሥተው ቆሙላቸው። እኔ ከኋላ ሆኜ አየሁ፤ ከዚያ ቀን በኋላ በጓሮው መንገድ ሄጄ አላውቅም።

ጨፌው ስንደርስ አማቴ የቆፈርኳቸውን ጉድጓዶች አልፈው ሄዱ። ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ጎንበስ ብለው ሣሩን በመዳፋቸው እየዳበሱ ይራመዳሉ። ከምንጩ በታች፣ ውሃው ሳይታይ በሣሩ ሥር በሚያልፍበት፣ ያ የረገጠኝ ነጭ ድንጉላ ታስሮ በሚግጥበት ዘንድ ሲደርሱ ቆሙ። ባለቤቴ ና እይ አለችኝ። በሣሩ መካከል የተልባ ፍሬ የሚያህል የአፈር ፍርፋሪ ትንሽ ትንሽ ሆኖ ተቆልሏል። ትሉ በልቶ የተፋው ነው። ደርቆ ከሆነ ሄዷል፤ እርጥብ ከሆነ ከሥሩ አለ። እርጥብ ነበር። ሰባት ወር በዚያ መስክ ስመላለስ ስንቱን ረግጬ እንዳለፍኩ እግዚአብሔር ይወቀው።

ከዚያ ችካሉን መሬት ላይ ተከሉና በድንጋይ መቱት። የቀረውን እንጨት ጎኑን በቢላዋ ጥርስ ጥርስ አውጥተውበታል፤ እሱን በችካሉ ራስ ላይ አጋድመው ወዲያና ወዲህ ይስቡት ጀመር። ችካሉ አጉረመረመ። መጀመሪያ በጆሮዬ፣ ቀጥሎ በእግሬ መዳፍ ሰማሁት፤ መሬቱ ከሥር ይንቀጠቀጣል። ፈረሱ ጆሮውን አቀና። ለረጅም ጊዜ ምንም የለም፣ እኔም በሆዴ ይኸው ደግሞ ይህም ከንቱ ማለት ጀመርኩ። እሳቸው እጃቸው አልፈጠነ፣ አልዘገየ። በኋላ አንድ ሣር ነፋስ ሳይኖር ተነቃነቀ። አጠገቡ ሌላ። ከዚያ ትሉ በየቦታው ራሱን አወጣ፤ ረጅም፣ ደንደን ያለ፣ ጥቁር ቀላ ያለ ትል። ሐምሌ የገባ፣ ነጎድጓድ የመጣ ይመስለዋል አለችኝ ባለቤቴ፣ ከእናቷ ሰምታ።

ቅሉን የሚሞላ እርጥብ ሣር ልታመጣ እሷ ወደ ምንጩ ሄደች። እኔ ተንበርክኬ አንዱን ትል ያዝኩና ጎተትኩ፣ ከሁለት ተበጠሰ። ሁለተኛውንም። ከአማቴ ጋር ጀርባ ለጀርባ ነን፣ በመካከላችን የሚያስተላልፍ ሰው የለም። እሳቸው ወደ ድንጉላው ዞሩ።

«አንተ ፈረስ» አሉ፣ «ለዚህ ሰው ንገረው፤ ትል አይጎተትም። ከመሬቱ አፍ ላይ ይያዝና ይጠበቃል። መሬቱን አጥብቆ የያዘው እሱ ነው፤ ሲደክመው ራሱ ይለቃል።»

ፈረሱ ሣሩን ያኝካል። እኔም እሺ ብሏል በልልኝ ብዬ ለፈረሱ መለስኩ፣ ከጋቢው ሥር ሳቅ የመሰለ ነገር ሰማሁ። ከዚያ ወዲህ በጎን ዘወር ብዬ ዓይኔን ከእጆቻቸው ላይ አላነሣሁም። ሁለት ጣት ትሉን ከመሬቱ አፍ ላይ ትይዛለች፣ አትጨምቅም፣ አትስብም፤ ትሉ ይወጠራል፣ ይቆያል፣ ይላላል፣ በላላ ጊዜ ትንሽ ታወጣና ደግሞ ትቆያለች። አንድም አልተበጠሰባቸውም። ጣቶቹ ለምን ጫፋቸው ላይ ጠፍጠፍ እንዳሉ ያን ጊዜ ገባኝ፣ ያንን እጅ በመናቄም ብቻዬን ሆኜ ፊቴ ቀላ። ድንቅ ሥራ ነበር። ከዚያ በፊትም በኋላም እጅ እንደዚያ ሲታገሥ አላየሁም። ሥራ ለሠሪው እሾህ ለአጣሪው የሚሉት እውነት ነው፤ ከእሳቸው ስድስትና ሰባት በኋላ እኔ አንድ ሳይበጠስ አወጣሁ፣ የደብተራነት ጥምጥሜን ያሰርኩ ቀን እንኳ እንደዚያ አልተደሰትኩም።

ትሉን ይዤ በዚያው ወደ ወንዙ ልሄድ ስል ባለቤቴ ያዘችኝ። ገና ነው። አፈር የበላ ትል መንጠቆ ላይ ይፈርሳል፤ በእርጥብ ሣር ውስጥ አንድ ቀንና ሌሊት ሆዱን ባዶ ሲያደርግ ነው የሚጠነክረው። ቀጣዩ ቀን ረቡዕ ነው፣ ዓሣም አይበላበትም። እንግዲህ ትሉም ከእኛ ጋር ይጾማል ማለት ነው። ይህን ለየኔታ ስነግራቸው ከታመሙ ጀምሮ ያላየሁት ፈገግታ ከንፈራቸው ላይ መጣ። ድምፃቸው እንደ ክር ቀጥኗል።

«እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው ወይስ ያከፍላል?» አሉኝ።

እስከ ማግሥቱ ምንም ሳይቀምስ ያከፍላል አልኳቸው። ጎበዝ ነው አሉ፣ ዓይናቸውንም ከደኑ። የዚያን ዕለት የተናገሩት የመጨረሻው ቃል ይህ ነው። ረቡዕ ወደ ማምሻው አጥሚቱን ከንፈራቸው ላይ ብናስነካቸው አልከፈቱም። ስደግፋቸው ጀርባቸው ክንዴ ላይ መኖሩ አይታወቅም። የነፍስ አባታቸው መጥተው ወተት ይዤ ልግባ ብለው ለመኗቸው፣ ራሳቸውን ብቻ ነቀነቁ። የነፍስ አባታቸው እደጁ ወጥተው ነገ ካልበሉ ቅዳሜን እንደማያዩ ነገሩኝ። አማቴ ይህን ከመጋረጃው ወዲያ ሆነው ሰሙ። ቅሉን ከፍተው በሣሩ ላይ ውሃ ሲረጩ ተሰማኝ።

ሐሙስ ጎህ ሲቀድ ቅሉን ብከፍት ትሉ ሌላ ሆኗል። ያ ጥቁረቱ ለቆት ጠርቷል፣ ሥጋው እንደ ክራር ጅማት ጠብቋል። ወንዙ ዳር ዳሩ በረዶ ሠርቶ ነበር። መርፌው ላይ ስሰካው አልተበጠሰም፣ አልፈረሰም፤ ውሃው ውስጥ ገብቶም ሲጠቀለል ይታየኛል። የመጀመሪያው ዓሣ ፀሐይ ሳትሞቅ መጣ፤ ገመዱ ሲሳብ ይህንንም ሳልጠብቅ ጎትቼ እበጥሳለሁ ብዬ ፈራሁ። አልጎተትኩም። ይዤ ጠበቅሁ። ደከመውና ራሱ መጣ፤ አፉ ላይ ጢም ያለው፣ ክንድ የሚያህል ዓሣ። እየጮህኩ አለቀስኩ፣ የሰማኝ ግን የለም። ቀትር ሳይሞላ አራት ሆኑ። በሰፈሩ መካከል ዓሣዎቹን በጭራ አንጠልጥዬ አለፍኩ።

አማቴ ሆዱን ሰንጥቀው፣ አጥበው፣ እሾሁን አንድ በአንድ ለቅመው፣ በጨውና በዝንጅብል ቀቀሉት። መረቁ ሲሸት የኔታ ዓይናቸውን ገለጡ። ግን ጾም ነው፣ ዘጠኝ ሰዓት አልሞላም፤ ጥላው ስንት ጫማ እንደሆነ በጣታቸው ጠየቁኝ። ወጥቼ ጥላዬን በጫማዬ ለካሁ። እውነቱን ልናዘዝ፤ ያን ቀን ተረከዜን በጣቴ ጫፍ ላይ እየደረብኩ ጫማውን አበዛሁት። ደርሷል ብዬ ገባሁ።

ከጀርባቸው ተቀምጬ ደረቴ ላይ አስደገፍኳቸው። ከመጋረጃው ሥር ጣባው ወጣ፣ ባለቤቴ ተቀብላ ከዓሣው በጣቷ ቆርሳ አጎረሰቻቸው። አፋቸው ውስጥ ያዙት። እንደ ሌላው ጊዜ እስኪመልሱት ሁላችንም ጠበቅን፤ መሐረብ ይዤ ነበር። ጉሮሯቸው ሲንቀሳቀስ በደረቴ ተሰማኝ። ሁለተኛውንም ዋጡ። በሦስተኛው ራሳቸው አፋቸውን ከፈቱ። ጣባው ባዶ ሲሆን ባለቤቴ እንባዋን ልትጠርግ ዞር አለች፣ የኔታም በዚያ በቀጠነው ድምፅ «ጨምሩልኝ» አሉ።

መጋረጃው ተገለጠ። አማቴ ጣባውን ሞልተው ወጡ፣ ነጠላቸው ትከሻቸው ላይ ነው። ከባላቸው ፊት ተንበርክከው በዚያ እጃቸው ያጎርሷቸው ጀመር። በየኔታ ትከሻ ላይ ፊት ለፊት ሆንን። ዓይኔን የማደርግበት አጥቼ አንገቴን ልሰብር ስል የያዝኩት ሰውነት ወደ ጎን አዘነበለብኝ። አማቴ ቀና ብለው አዩኝ። ዓይናቸው ቀልቷል፤ ግንባራቸው ላይ የመስቀል ንቅሳት አለ።

«ደህና አድርገህ ያዝልኝ ልጄ» አሉኝ፣ «ገና ሁለት ዓሣ አለን።»